ጨረር ያልደረሰበት ቦታ

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ራጅ ይነሱ» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ራጅ ሳነሳ የኖርኩ ሰውዬ፣ ልነሳ ተራ ያዝኩ። የልጄ ልጅ የምትሆን ባለሙያ ስሜን ጠርታ አስገባችኝ፤ አልጋው ላይ አጋደመችኝ፤ አንድ ስስ ጠፍጣፋ ነገር ከጉልበቴ ሥር ሸጎጠች፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሄደች፤ ጢት አለ፤ አለቀ። ሱሪዬን ታጥቄ ሳልጨርስ አጥንቴ ኮምፒውተሩ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ግን አፍንጫዬ አንድ ነገር እየጠበቀ ነበር፤ የኮምጣጤ ሽታ። በእኛ ጊዜ የራጅ ክፍል የሚታወቀው በሽታው ነው። ፊልሙ የሚታጠብበት መድኃኒት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ፀጉር ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ እኮ ያገባሁት ሰላጣ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እዚህኛው ክፍል የሚሸተው የወለል ሳሙና ብቻ ነው። ልጅቷን «የት ነው የምታጥቡት?» ብላት «ምኑን አባባ?» አለችኝ። ምርኩዜን ይዤ ወጣሁና እዚያው ኮሪደር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ።

በዚያ በኮምጣጤው ዘመን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፀጉሬ ከባርኔጣ በላይ የቆመ፣ ሱሪዬ ከታች መንገድ የሚጠርግ፣ ጫማዬ ቁመቴን ጣት የሚጨምርልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ያችን ሱሪ መኪና ግርግር ከሚሉት ሰፈር ነው ያሰፋኋት፤ ግራና ቀኝ የልብስ ስፌት መኪና የተደረደረበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ገና ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል ስትጀምሩት የመርፌው ድምፅ ይቀበላችኋል። ሰፊው ከታች በኩል ምን ያህል ይስፋ ሲለኝ «ጨርቁ እስኪያልቅ» አልኩት። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ሳምቡሳ አምስት ሳንቲም። ከሥራ ስወጣ ፈረስ መጋላ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጀጎል ሴቶች በብርቱካንና በሐምራዊ ሻሽ ሲያልፉ አያለሁ፤ ከሸክላ ቤቱ ያ ሰሞን ሁሉ ሰው የሚያንጎራጉረው ዘፈን ይወጣል፤ ዜማውን ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ግጥሙ ጠፍቶኛል። በላይ በላዩ አዋጅ ይለዋወጥ ነበር፤ እኛ ግን የሚያሳስበን ፊልም መጣ ወይስ አልመጣም የሚለው ነበር። ዛሬ ያ ሻይ ቤት የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ በረንዳው ላይ ባጃጅ ይቆምበታል። ሱሪዋንም እኅቴ ቆርጣ የወለል መጥረጊያ አደረገቻት፤ ሥራዋን ለወጠች ለማለት ግን ያስቸግራል።

የራጅን ሙያ ያስተማረኝ ጋሽ አስራት ነው። የክፍላችን ኃላፊ ነበር፤ ኃላፊ ስል ከእሱ ሥር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አጭር፣ መላጣ፣ ነጭ ጋዋኑን እሑድ እሑድ ራሱ የሚተኩስ ሰው ነው። በሽተኞች ሁለታችንንም «ሐኪም» ይሉናል። እኔ ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን በየጊዜው «እኛ ሐኪም አይደለንም፤ እኛ መብራት የምናበራ ሰዎች ነን» እያለ ይገስጸኛል። የመጀመሪያ ቀን ከመሣሪያው ፊት አቁሞ እንዲህ አለኝ፦ «ራጅ ከሰማይ አይወርድም፤ እዚሁ ይሠራል። አየሩ ተመጥጦ የወጣ የመስታወት ቱቦ አለ። አየር ካለ መንገድ ላይ ግጭት ይበዛል፤ ስለዚህ ባዶ ነው። በአንደኛው ጫፍ እንደ አምፖል ክር ያለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሲግል ከላዩ ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቆች ይፈልቃሉ፤ ፈልቀው ሽቦውን ከበው ይቆማሉ። በሌላኛው ጫፍ ተንግስተን ከሚባል ሙቀት ከሚችል ብረት የተሠራ ሰሌዳ አለ። በመካከላቸው በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ቮልት ስትለቅባቸው ተፈናጥረው ሄደው ሰሌዳው ላይ ይላተማሉ። አሁን ልጠይቅህ፤ ጋሪ ከቁልቁለት ማቆሚያ አጥቶ ወርዶ ግንብ ቢመታ፣ ያ ሁሉ ፍጥነት የት ይገባል?»

እኔም የተማርኩ ነኝና «ግንቡ ይፈርሳል» አልኩ።

«ግንቡ ይግላል» አለ ጋሽ አስራት። «ኤሌክትሮኑ ድንገት ሲቆም ጉልበቱ ሙቀት ይሆናል። ግማሹ አይደለም፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ራጅ የምትሆነው አንዷ ናት። እኛ ደሞዝ የምንበላው በአንዷ ነው።»

ሁለት ማዞሪያዎች ነበሩን። አንደኛው ሽቦውን የሚያግለው ነው፤ ስንት ኤሌክትሮን እንደሚነሳ ይወስናል። ሁለተኛው ቮልቱ ነው፤ በምን ጉልበት እንደሚላተሙ ይወስናል፤ ጉልበቱ ሲጨምር ጨረሩ ወፍራሙንም ሰው ይበሳል። ለሕፃን ዝቅ፣ ለቦርጫም ነጋዴ ከፍ ነው። መብራቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከሆስፒታሉ በታች ያለው ወፍጮ ቤት ሲነሳ የቮልት መቁጠሪያዋ መርፌ ትወድቃለች፤ በሽተኛው ትንፋሹን ይዞ እኛ መርፌዋን ስንጠብቅ ስንቱ ፊቱ ጠቁሯል። ጨረሩ በሰውየው አልፎ ፊልሙ ላይ ሲደርስ ፊልሙን ያጠቁረዋል። ሳምባ አየር ስለሆነ ያሳልፋል፤ ጥቁር ይሆናል። አጥንት ይከለክላል፤ ነጭ ይሆናል። ብረት ጨርሶ ነጭ ነው። «ነጭ ስታይ ንጹሕ ነው እንዳትል» ይለኝ ነበር ጋሽ አስራት። «ነጭ ማለት ጨረር ያልደረሰበት ማለት ነው። እዚያ ጋ ምን እንዳለ አታውቅም።» እኔም አዎ አዎ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ትምህርቱ ገብቶኝ ነበር፤ ችግሩ የመግባት አልነበረም።

ቱቦዋ አርጅታለች። ሰሌዳዋ በብዙ ምት ተቦርቡሮ ነበር፤ የሽቦዋም ብናኝ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ፊት ማያ መስታወት ያብለጨልጭ ጀመር ብሎ ጋሽ አስራት ይተክዛል። አዲስ ይላክልን ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ተመርቶ ይሄዳል፤ ሌላ ደብዳቤ ያስከትላል። አንዷን ፊልም ካነሳን በኋላ ቱቦዋ እስክትበርድ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ከሐረርጌ ቆላ በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን የመጣ ሰው ኮሪደሩ ላይ ያስላል፤ እኛ ብረት እናስታምማለን። በመጨረሻ ጋሽ አስራት ሕግ አወጣ፤ «አንድ ሰው አንድ ፊልም። የሚደገም ነገር የለም። ዛሬ የደገምክለት ሰው ነገ የሌላውን ድርሻ በላ ማለት ነው።» ሕጉ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ ስሕተቱን አላገኘሁበትም፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሌላም ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። ማተብና ክታብ አይነካም። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ባለሙያ የአንዲት የጀጎል እናት ክታብ በእጁ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ኮሪደሩ ታመሰ፤ ከዚያ ወዲህ ጋሽ አስራት አንድ ዘዴ አበጀ። ክርስቲያኑን መስቀሉን፣ እስላሙን ክታቡን በጥርሱ እንዲይዝ እናደርጋለን። ክሩ ከአንገት ሳይወጣ መስቀሉም ክታቡም ከደረት ላይ ይነሳል። «በጥርስዎ ይያዙልኝ፣ ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» ማለት የዕለት ቋንቋችን ነበር። ዛሬም አንዳንዴ ቤቴ ብቻዬን ስሆን ከአፌ ያመልጠኛል።

ራሕመት የመጣችው አንድ ሐሙስ ከረፋዱ ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ዓይናፋር፣ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ በእጇ የያዘች። ባሏ አው ዩሱፍ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። በጀጎል መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ቁርአን የሚደጉስ፣ ቆዳ ላይ በማኅተም ሐረግ የሚያወጣ እጀ ብልኅ። «አው» የአክብሮት መጠሪያቸው ነው፤ ያኔም ገና በወጣትነቱ ሁሉ ሰው እንዲያ ይለው ነበር። ወር ሙሉ ስላሳላት ነው ያመጣት። ክታቧን በጥርሷ እንድትይዝ ስነግራት ልብሷን በእጇ ጨመቅ አድርጋ «አይወጣም፤ ከውስጥ ልብሴ ጋር ተሰፍቷል» አለችኝ።

«ልብሱን ቢቀይሩስ? ጋቢ አለን» አልኳት።

«ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ» አለች ዝቅ አድርጋ። «ይቺን ያተረፈልኝ አላህ ነው፤ ይሄን ካሰፋሁ ወዲህ። ከላዬ አውልቄው አላውቅም። ይተዉልኝ፣ ሐኪም።»

ልጅቷ እግሬን ይዛ ታየኛለች። እኔ ከግንቡ ውጪ ያለሁ ክርስቲያን ጎረምሳ ነኝ፤ እምነቷን የናቅኩባት እንዳይመስላት ፈራሁ። ወፍጮ ቤቱም ገና አልተነሳም፤ መርፌዋ ቆማለች። ክታብ ብዙ አይቻለሁ፤ ቆዳና ወረቀት ነው፤ ቀላል ጥላ ብቻ ነው የሚጥለው። ይሁን አልኩና አነሳኋት።

ጨለማው ክፍል ገብቼ ፊልሙን ከመድኃኒቱ ሳወጣው ከቀኝ አንገት አጥንቷ ሥር አንድ ነጭ አራት ማዕዘን አየሁ፤ የክብሪት ቀፎ ያህላል። ቀላል ጥላ አይደለም፤ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ምን ቢያስገቡበት ነው ብዬ ተገረምኩ። የቀረው ሳምባዋ ደህና ነበር። ከጨለማው ክፍል ወጥቼ በመስኮቱ አየኋት፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ጫማ ታስርላታለች። መጥራት ነው፤ ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው። በሌላ ልብስ፣ ክታቡን በእጇ ይዛ፣ አንድ ጊዜ መድገም ነው። ከኋላዋ ሰባት ሰው ተደርድሯል፤ ቱቦዋ ትግላለች፤ ሕግ አለ። ቢያንስ በወረቀቱ ላይ «ይደገም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። እሱንም አልጻፍኩም፤ ከጻፍኩ ጋሽ አስራት መጀመሪያውኑ ለምን ከነክታቧ አነሳሃት ሊለኝ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን በመብራቱ ላይ አየ፤ «ክታብ ነው» ብሎ ፈገግ አለ፤ ሳምባ ደህና ብሎ የሳል ሽሮፕ አዘዘላት። አው ዩሱፍ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ።

ስምንት ወር ያህል ቆይታ ተመለሰች። ያን ጊዜ ደም ትተፋለች፤ ክታብ የተሰፋበት ልብስ በሰውነቷ ላይ አልቆም ብሎ ነው መሰለኝ አውልቀውላታል። ፊልሙን ስናነሳ ያ አራት ማዕዘን የነበረበት ቦታ ላይ የሲኒ ቂጥ የሚያህል ቀዳዳ ነበር። ቲቢ ነው። መድኃኒቱ ያኔም ነበር፤ ሐኪሙ «ቀደም ብትመጣ ኖሮ» ሲል ሰማሁት። ቀደም ብላ መጥታ ነበር፤ እኔ ጋ ነበር የመጣችው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተች። ልጅቷን ነጂባን የአባቷ እኅት አሳደገቻት፤ አው ዩሱፍ ሌላ ሚስት አላገባም።

ለጋሽ አስራት ነገርኩት። የሚተኩሰውን ጋዋን አስቀመጠና «ሆድ ይፍጀው» አለኝ። ሆዴም ፈጀው፤ ማለቴ እኔን ፈጀኝ። ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ቱቦዋ ሞታ ሌላ ቱቦ መጥታ፣ እሷም ሞታ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ ያ ነጭ አራት ማዕዘን አልለቀቀኝም። የባሰው ደግሞ የአው ዩሱፍ ምስጋና ነበር። ጀጎል ስገባ ባየኝ ቁጥር ከሱቁ ወጥቶ ሰላም ይለኛል። አንድ ጊዜ የአባቴን ዳዊት ምስጥ የቆዳ ልባዱን በልቶት ይጠርዝልኝ ብዬ ወሰድኩለት። ሳምንት አቆይቶ በቀይ ቆዳ፣ ዙሪያውን ሐረግ አውጥቶበት መለሰልኝ። ዋጋውን ስጠይቀው «ለራሕመት የደከመ ሰው ከኔ ገንዘብ አይጠየቅም» አለ። ያን ዳዊት ከፍቼ ጸልዬበት አላውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ከዚያ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ ነው «ሐኪም፣ እርስዎ ነዎት?» የሚል ድምፅ የሰማሁት። አው ዩሱፍ ናቸው፤ ሰማንያ ደርሰዋል፤ እኔም አሁን በአንቱታ ነው የምጠራቸው። ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ቀይ ሂና የነካው ጢም። የያዘቻቸው ያቺ ጫማዋ ሲታሰርላት ያየኋት ልጅ ናት፤ ነጂባ የልጅ ልጅ አይታለች። ትንሽ ስላሳላቸው ደረታቸውን አስነስታቸው ነው። ፊልሙ ደህና ነበር፤ ማለቴ ፊልም የሚባል ነገር የለም፤ ሥዕሉ ደህና ነበር። ነጂባ መድኃኒት ልትገዛ ስትሄድ ሁለታችን ባጃጅ ይዘን ፈረስ መጋላ ወርደን ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን።

ስለ ዘመኑ አወራን። ቆዳ ጠፋ፣ የሚያስጠርዝ ጠፋ፣ ልጆቹ ቁርአኑንም ስልክ ላይ ነው የሚቀሩት አሉኝ። እኔም ኮምጣጤው እንደ ጠፋ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ሳይታሰብ «ያቺን ምስኪን እንኳ እናንተ የምትችሉትን ሁሉ አደረጋችሁላት» አሉ። «ቀደር ነው። አላህ የጻፈው ነው። ወላሂ አንድ ቀን በማንም ላይ ከፍቶኝ አያውቅም፤ ተኝቼ ነው የማድረው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ስንት ዓመት ዝም ብዬ የኖርኩ ሰው አንድ ሻይ እስኪያልቅ መቻል አያቅተኝም ነበር። ነገር ግን ሰው ሲያረጅ ልቡ እንደ ፊኛው አይዝም መሰለኝ፤ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ስትመጣ በሽታው ሳይኖር አይቀርም፣ ክታቡ ሸፍኖታል፣ ማስደገም ስችል ዝም አልኩ አልኳቸው። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። በሐቅ ልናገር፤ ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ።

አው ዩሱፍ ብርጭቆውን አስቀመጡ። የተቆጡ አልመሰሉም። «ክታብ ራጅን ይከለክላል?» ብለው ጠየቁ።

«ቆዳውና ወረቀቱ አይከለክልም» አልኩ። የሙያዬ ነገር ሲጠየቅ አፌ ይቀድመኛል። «የእሷ ግን ውስጡ አንድ ብረት ነበረው። እንዲያ ነጭ የሚሆነው እርሳስ የሚባለው ብረት ሲሆን ነው። እኛ ራሳችን ከጨረር የምንከለለው በእርሳስ ሽርጥ ነው።»

ሰውየው እጃቸውን አዩ። ቀኝ አውራ ጣታቸው በመርፌና በወስፌ ብዛት የደነደነ ነው። «ከድሮ የሻይ ሳጥን ውስጥ የሚወጣ ስስ ሽፋን አለ» አሉ በቀስታ። «እርሳስ ነው። ላቧ ጽሑፉን እንዳያበላሸው ብዬ አራት እጥፍ አድርጌ ጠቀለልኩበት። ለሌላ ሰው አንድ እጥፍ ነው የማደርገው። ለራሕመት አራት።»

መገመት ነበረብኝ። በጀጎል መጽሐፍ የሚጠርዝ ሰው የክታብ ቤት እንደሚሰፋ የማያውቅ የለም፤ ዕድሜ ልኬን ከበራቸው ላይ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። የራሴን ኃጢአት ለማራገፍ ስጣደፍ በማን ላይ እንደማራግፈው አላየሁም። ነጂባ መጥታ ስትወስዳቸው «ሐኪም፣ በደህና ይዋሉ» ብለው በትሕትና ተሰናበቱኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጂባ ቤቴ መጣች። አጠያይቃ ነው ያገኘችኝ። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«አባቴን ምን አሉት?» አለችኝ። «ሳምባው ንጹሕ ነው ተባለ፤ ታዲያ እህል አይበላም። ወስፌውን፣ ማኅተሙን፣ መዶሻውን ሁሉ ለሰው ሰጠ። ያ አንሶት የልጅ ልጆቼን አንድ በአንድ ጠርቶ ክታባቸውን ካንገታቸው በመቀስ ቆረጠ። ትንሹ ሲያለቅስ እሱም አለቀሰ። ስለምነው የነገረኝ ነገር ቢኖር ‹ሐኪሙን ጠይቂ› ብቻ ነው።»

ነገርኳት። እናቷ መሆኗን የረሳሁ ያህል እንደ ሥራ ሪፖርት ነገርኳት፤ ሌላ አቀራረብ አላውቅበትም። ግድግዳውን ተደግፋ አዳመጠችና ዓይኖቿን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ፊቷንም አላስታውሰው» አለች። «አባቴ ግን ቀደር ነው ብሎ ነው የኖረው። ሰላሙ እሱ ነበር። ሄደው ይመልሱለት። ተሳስቼ ነው ይበሉት፤ ሌላ ሴት ነበረች ይበሉት። ውሸት ነው፤ አውቃለሁ። አላህ ይማርዎታል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልላት ፈልጌ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ጃኬቴን ለበስኩ።

ቤታቸው ከመኪና ግርግር ወደ ውስጥ ነው፤ ባጃጅ ስለማይገባ ድንጋዩን በምርኩዝ እየቆጠርኩ ወረድኩ። ነደባ በሚሉት በቀይ አፈር በተለቀለቀው ከፍ ያለ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ኮፍያው ሰፍቷቸዋል። እንደ ወትሮው ሊነሱልኝ ሞከሩ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። «አው ዩሱፍ፣ ያን ዕለት የነገርኩዎት ስሕተት ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ያ ክታብ ያለበት ፊልም የሌላ ሴት ነው። ያኔ ራሕመት የሚባሉ ብዙ ነበሩ፤ ዕድሜ ነው፤ አንዱን ከአንዱ ቀላቅዬብዎት ነው። የባለቤትዎ ፊልም ንጹሕ ነበር። በሽታው ያኔ አልጀመራትም ነበር።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ በቀስታ፣ ሁለት ጊዜ። ነጂባ ጓዳ ገብታ ቁጢ፣ የቡና ቅጠሉን በወተት አፍልታ አመጣችልን። አው ዩሱፍ ዳቦ ቆርሰው ነከሩና ጎረሱ። ሁለተኛም ጎረሱ። ነጂባ ከበሩ ሥር ሆና ስታያቸው ፊቷ በራ፤ እኔም የሠራሁት ውሸት ከሠራሁት እውነት ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ጫት ዋጋ አማረርን፤ የድሮውን ወፍጮ ቤት አነሳን። ወደ ሙያው ስገባ እንደ ልማዴ ወሬው ጣመኝ። እንዴት መርፌዋን እንጠብቅ እንደነበር፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልም እንዴት በእጅ እንደሚዳሰስ አጫወትኳቸው።

«ያን ሁሉ ሰው ስታነሱ» አሉኝ ቁጢያቸውን ፉት ብለው፣ «ቀኝና ግራው አይምታታባችሁም ነበር?»

«በፍጹም» አልኳቸው። «ጥግ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ባለሙያ ሁሉን ቢረሳ ጎኑን አይረሳም።»

«ማሻአላህ። የራሕመት ክታብ ታዲያ በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝ፣ ካንገት አጥንቷ ሥር» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። ነጂባ በሩ ሥር እንደቆመች ቀረች። አው ዩሱፍ አልተቆጡም፤ ስኒውን በጥንቃቄ ከመደቡ ጫፍ ላይ አኖሩና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አዎ፣ በቀኝ ነው» አሉኝ። «ቀኝ በረካ አለው ብዬ እዚያ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»